ወላድ በድባብ ትሂድ ብለናል፤ በምን ትሂድ?

«ወላድ በድባብ ትሂድ» ይላል ያገራችን ሰው። ድባብ ለታቦት፣ ለንጉሥና ለታላላቅ ሰዎች የሚዘረጋ የክብር ጥላ ነው። አባባሉ ወላዷን ከእነዚህ ተርታ ያቆማታል፤ ፀሐይ አይንካት፣ መንገድ ይለቀቅላት፣ አጃቢ አይለያት ማለቱ ነው። አስተውሎ ለሚሰማው ደግሞ ሌላም ቁም ነገር አለው። አባባሉ «ወላድ በድባብ ትቀመጥ» አላለም፤ «ትሂድ» ነው ያለው። ወላድ ከቤት እንደምትወጣ፣ ጉዳይ እንዳላት፣ መንገድም እንደሚገባት አያቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ግን ምርቃቱን በአፋችን ይዘን መንገዱን ከልባችን አውጥተነዋል።

በባሱንዳና በዙሪያዋ፣ ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ከተማ ድረስ በምንኖረው አማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ወላድ ዛሬ የምትሄደው እንዴት ነው? ጨቅላዋን በደረቷ አቅፋ፣ ገና «ወፌ ቆመች» የተባለለትን ታላቁን በእጇ እየጎተተች፣ የጨርቅና የውኃ ቋጠሮዋን በክንዷ አንጠልጥላ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ በላይ በሚወጣበት በዚህ አገር ድባቧ የራሷ ነጠላ ወይም ከሱዳናውያን ጎረቤቶቿ የለመደችው የቶብ ጫፍ ነው። አጃቢ የላትም። መኪናው ሲመጣ ቀድሞ የሚሳፈረው ጉልበት ያለው ነው፤ እሷ ታላቁን አንሥታ እስክታስገባ፣ ታናሹን እስክታስተካክል፣ ቋጠሮዋን እስክትሰበስብ ወንበሩ ያልቃል። ከዚያም «ምናለ ቤትሽ ብትቀመጪ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ ይሰማል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የእናት ጀርባ አንድ ነው። በላይ በላይ የወለደች እናት ከቤት መውጣት የሚያቅታት ስላልበረታች አይደለም፤ ሁለተኛውን ልጅ የሚይዝላት ስለጠፋ ነው። ሁለተኛውን ልጅ መያዝ ደግሞ የአባት፣ የጎረቤት፣ የእድር፣ የባለ መኪናና የጤና ተቋም ግዴታ ነው እንጂ ለወላዷ የሚዋልላት ውለታ አይደለም። ይህን አቋም የሚቃወሙ አስተያየቶች በየቡና ማፍያው ይደመጣሉና አንድ በአንድ እንያቸው።

«እናቶቻችን አዝለው አሳድገውን የለም ወይ?»

ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚሰማው መልስ ይህ ነው። እናቶቻችን አንዱን አዝለው፣ ሌላውን አርግዘው፣ ውኃ ቀድተውና ማገዶ ለቅመው፣ ገበያ ውለው ገብተው አሳድገውናል፤ የዛሬዎቹን ምን ነካቸው? ክርክሩ ያሳምናል፤ ግማሽ እውነት አለውና። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ሰውን ያሳስታል።

እውነቱ እናቶቻችን ማዘላቸው ነው። አንቀልባ የብልህ ሥራ ነው። ከለፋ ቆዳ ተበጅቶ፣ አንዳንዴም በዛጎል አጊጦ፣ ልጁን ከእናቱ ጀርባ ጋር ያጣብቀዋል፤ እሱ በሙቀቷ ይተኛል፣ እሷም ሁለት እጆቿ ነፃ ይሆኑላታል። በአፍሪካ እናቶች ጀርባ ላይ ያለው ይህ ጥበብ ለሌላውም ዓለም ተርፏል። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛነት ቶጎ ሄዳ እናቶች ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያዝሉ አየች። ወደ አገሯ ስትመለስ ያንኑ የሚመስል የጨርቅ ማዘያ ከእናቷ ጋር ሠርታ በ1969 የፈጠራ መብት አስመዘገበችበት፤ «ስናግሊ» በሚል ስምም በብዛት ተሸጠ። ስለዚህ ማዘልን የሚንቅ ካለ ተሳስቷል። ባለ ጎማ የሕፃን ጋሪ ይምጣልን የሚልም የለም። ጋሪው ለአስፋልትና ለእግረኛ መንገድ የተበጀ ነው፤ በበጋ እንደ ገደል በሚሰነጠቀው፣ በክረምት እንደ ሙጫ በሚይዘው በእኛ ጥቁር አፈር ላይ ስንዝር አይራመድም።

ሐሰቱ ግን እናቶቻችን ብቻቸውን አሳደጉን ማለቱ ነው። የድሮዋን አራስ ቤት የሚያስታውስ ሰው ይመስክር። እናቷ ወይም አማቷ ከአጠገቧ አትለይም፤ አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ ጎረቤት በየተራ ይጠይቃል። ታላቁ ልጅ «እናቴን ነጠቀብኝ» ብሎ እንዳያለቅስ አያቱ ወይም አክስቱ ወስዳ ታስተኛዋለች። እናቲቱ ገበያ ስትወጣም ታናሹን ብቻ አዝላ ትወጣለች፤ ታላቁ ከአያቱ ጉልበት ሥር ይቀራል። ያ ሥርዓት እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። ስንቷ ሴት ልጅ የወንድሟ አዛይ ሆና ከትምህርት ገበታ እንደቀረች እናውቃለን፤ ያ ተመልሶ ይምጣ አንልም። ሆኖም ከነእንከኑ ሁለተኛው ልጅ የሚያርፍበት ሌላ ጀርባ ነበረው።

ስደትና እንጀራ ፍለጋ ይህን ቀማን። በባሱንዳ የምትወልድ ያገራችን ሴት እናቷ ቋራ ወይም አርማጭሆ ወይም ጎንደር ናት፤ አማቷን ምናልባት በስልክ ብቻ ታውቃታለች፤ እኅቷ ወይ ዐረብ አገር ሄዳለች ወይ ካርቱም ስትኖር በጦርነቱ ተበትናለች። አያት፣ አክስት፣ የጎረቤት ልጃገረድ ሁሉም ከመተማ ወዲያ ቀርተዋል። ድንበሩን ያለ ፓስፖርት ተሻግሮ የመጣው ግን «ወንድ ልጅ አያዝልም» የሚለው ልማድ ነው። የሚደግፈን ቀርቶ የሚከብደን ተከተለን። «እናቶቻችን አዝለው አሳድገውናል» የሚለው ሰው የእናቱን ሸክም እንጂ የእናቱን ረዳቶች አይቆጥርም።

ከዚህ ጎን ለጎን «ማን በላይ በላይ ውለጂ አላት?» የሚል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ባደረገው ምክክር ከአንድ ወሊድ በኋላ የሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ቢዘገይ ለእናትም ለልጅም እንደሚበጅ ተመክሯል። ምክሩ ትክክል ነው፤ እኛም እንቀበለዋለን። ግን ምክሩ ለሚስት ብቻ ሳይሆን ለባልም ነው። የተወለደ ልጅ ደግሞ በምክር ወደ ኋላ አይመለስም። ከሁሉም በላይ፣ ልጅ አራርቆ ለመውለድ የሚረዳው አገልግሎት የሚገኘው እዚያው ጤና ጣቢያ ነው፤ ወደዚያ የሚወስደውም መንገድ ያው ልጆቿን ይዛ የምትሄድበት መንገድ ነው። መንገዱን ዘግተን «ለምን አልደረስሽም?» ብለን እንጠይቃታለን።

«ቤቷ ትቀመጥ»

ሁለተኛው ክርክር በአዘኔታ የተሸፈነ ነው። ልጆቹ እስኪጠነክሩ ከቤት ባትወጣ ምን አለበት? አራስነት የዕረፍት ጊዜ አይደለም ወይ?

ዕረፍትና እስር ይለያያሉ። ባህላችን ለአራስ የሰጣት ዕረፍት ጠያቂና አገልጋይ ያለበት፣ በቀን የተቆጠረ ነው። አጠገቧ ሰው ሳይኖር ለሁለት ዓመት በአንዲት ጎጆ መዘጋት ግን ዕረፍት ሊባል አይችልም። ደግሞስ እንቀመጥ ብንል ጉዳዩ ይቀመጥልናል? እስቲ እንቁጠር።

የሕፃን ክትባት የሚሰጠው እንደተወለደ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወር ነው። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው ልጁ በሁለተኛ ዓመቱ ውስጥ ሳለ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል። በላይ በላይ በወለደች እናት ቤት ታላቁ ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የሚደርሰው ታናሹ በሚወለድበት ሰሞን ነው። ታናሹ ከየሳምንቱ ቀጠሮው እንዳይቀር ታላቁ ቤት ይቀራል፤ «እሱማ ጠንክሯል፣ ይደርሳል» ይባላል። ኩፍኝ ግን ጠንክሯል ብሎ አይምርም። ለእናቲቱም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ቢያንስ አራት ጊዜ በባለሙያ እንድትታይ ይመክራል። በዚህ ላይ ክርስቲያኑ በአርባና በሰማንያ ቀን ክርስትና ያስነሣል፤ ሙስሊሙ በሰባተኛው ቀን ስም ያወጣል። የልደት ወረቀት፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የስደተኛ መታወቂያ አለ፤ ይህ ሁሉ በቢሮ በር ላይ መሰለፍን ይጠይቃል። ሻይ አፍልታ የምታድር ከሆነች ደግሞ ገበያው አይጠብቃትም።

ቤት መቀመጥ መፍትሔ ነው ከተባለ እንኳ የሚሠራው አገልግሎቱ ራሱ ወደ ቤት ሲመጣ ነው። ይህም ያልታየ ነገር አይደለም። በሱዳን የኦምዱርማን የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከተከፈተበት ከ1921 ጀምሮ የሠለጠነች አዋላጅ ዕቃዋን ይዛ ወደ ወላዷ ቤት ስትሄድ ኖራለች። ኢትዮጵያ በ2003 የጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ደመወዝ የሚከፈላቸውን ሴት ባለሙያዎች በየቀበሌው መድቦ ቤት ለቤት እንዲዞሩ አድርጓል። ሁለቱም መንግሥታት በተለያየ ዘመን አንድ እውነት ተቀብለዋል፤ ወላድ ሁልጊዜ ወደ ሐኪም መሄድ አይቻላትም፣ ሐኪሙ መንገዱን መካፈል አለበት። ሱዳን በ2008 ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነፃ ሕክምና እንዲሰጥ ስትወስን በጎ ሥራ ሠርታለች። ሆኖም ከበሩ ወዲያ ያለው ሕክምና ነፃ ቢሆንም እስከ በሩ ያለው መንገድ ነፃ አልሆነም። ድኻን የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱ ሳይሆን የመኪናው ሒሳብ ነው።

ለጆንያ የተሠራ መንገድ

የዚህ አገር መጓጓዣ ለማን እንደተዘረጋ ታሪኩን ማየት ይጠቅማል። የባቡሩ ሐዲድ በ1920ዎቹ በከሰላ በኩል ገዳሪፍ ሲደርስ የታሰበለት ለምርት ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ እንግሊዞች በጦርነቱ ዘመን ሠራዊታቸውን ለመቀለብ በገዳሪፍ ምድር በትራክተር የሚታረሰውን ሰፊ የማሽላ እርሻ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ማሽላና ሰሊጥ የዚህ ምድር ጌቶች ናቸው። ያገራችን ሰው በየዓመቱ ድንበር እየተሻገረ ለአረምና ለአጨዳ የሚመጣው ለእነሱ ነው፤ ጭነት መኪናውና ባለ ተሳቢ ትራክተሩም የሚመላለሰው ለእነሱ ነው። የሰሊጥ ጆንያ ሲመጣ የሚያወርዱት፣ የሚያነሡት፣ ከዝናብ የሚከልሉት፣ የሚቆጥሩት ሰዎች አሉት። ጆንያው መንገድ ላይ ቢቀር ባለቤቱ ይጠይቃል። ሁለት ሕፃን የያዘች እናት መንገድ ላይ ብትቀር ግን ማንን ያስጠይቃል?

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይብሳል። በሱዳኖች አጠራር «ኸሪፍ» የሚባለው የዝናብ ወራት ሲደርስ ጥቁሩ አፈር ይላቁጣል፤ ከዋናው የገዳሪፍና የገላባት አስፋልት ወጣ ያለው የጥርጊያ መንገድ ሁሉ ይዘጋል። ረክሻው አይሄድም፣ ሀፍላው አይገባም፤ የሚያልፈው ትራክተሩ ብቻ ነው። ትራክተሩ ደግሞ ለጭነት እንጂ ለሰው አልተሠራም። ከተሳቢው ላይ ለመውጣት መንጠላጠል ያስፈልጋል። ታናሹን ማን ይቀበላል? ታላቁን ማን ይወረውራል? መያዣ በሌለው ተሳቢ ላይ እናቲቱ በየትኛው እጇ ታናሹን፣ በየትኛው ታላቁን፣ በየትኛውስ ራሷን ትያዝ?

አንዳንዶች «ሁለቱንም መያዝ ትችላለች፤ አንዱን በጀርባ፣ አንዱን በደረት» ይላሉ። በእርግጥ የሚያደርጉት አሉ፤ እናት ምን የማታደርገው አለ? ግን ሚዛኑን እንመልከት። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ አሥር ኪሎ ግድም ይመዝናል፤ ጨቅላው ሦስት ኪሎ፣ ቋጠሮውና ውኃው ሌላ። ይህን የምትሸከመው ገና ደሟ ያልተመለሰ፣ ወገቧ ያልጠና አራስ ናት። ጨቅላው ደግሞ አንገቱ ስላልጠና እንደ ታላቁ ጠፍንገው የሚያዝሉት አይደለም፤ በክንድ ተደግፎ፣ ፊቱ አየር እያገኘ መያዝ አለበት። በዚህ ሙቀት ፀሐይን ለመከላከል ብሎ ከነራሱ በወፍራም ጨርቅ መሸፈን ሕፃኑን ለአደጋ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ለጨቅላው ሙሉ ክንድ፣ ለታላቁ ሌላ ሙሉ ሰው ያስፈልጋል። ነገሩ የሒሳብ እንጂ የጀግንነት ጥያቄ አይደለም።

ባለ መኪናዎችም የሚሉት አላቸው፤ ሳይሰሟቸው መፍረድ አይገባም። «በአንድ ሰው ሒሳብ የሦስት ሰው ቦታ ትይዛለች፤ ልጁ ያለቅሳል፤ መንገደኛ ያጉረመርማል፤ ነዳጁ ተወድዷል» ይላሉ። ከ2023 ጦርነት ወዲህ ነዳጅ ምን ያህል እንዳስቸገራቸው እናውቃለን። እኛ ግን ከባለ መኪናው የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም፤ ተራ ነው። ወላዷ ቀድማ ትግባ። ጋቢናው ለሾፌሩ ወዳጅ ሳይሆን ለእሷ ይጠበቅ። ጨቅላዋን ታቅፋ እስክትቀመጥ መኪናው አይነቃነቅ። በረክሻ ስትሄድ ታላቁ በክፍቱ ጎን ሳይሆን በመካከል ይቀመጥ። ይህ ሁሉ አንዲት ጠብታ ነዳጅ አያስወጣም።

ገንዘብ ሳያወጣ ከማስተናገድ አልፎ ገንዘቡን የተወ አገርም አለ። በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ሕፃን በጋሪ ይዞ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ሒሳብ እንዳይከፍል ተደርጓል። ምክንያቱ ቸርነት ብቻ አይመስላችሁ። ጋሪው የሚገባው በመካከለኛው በር ነው፤ ክፍያው ያለው ፊት ለፊት ነው፤ እናቲቱ ልትከፍል ስትሄድ ልጁ ብቻውን ይቀራል። ልጁን ጥላ ከምትሄድ ሒሳቡ ይቅር ተባለ። የስዊድንን ሀብት እዚህ አምጡ አንልም። የስዊድንን ጥያቄ ግን መጠየቅ እንችላለን፤ «በዚህች ደቂቃ ልጁን የያዘው ማን ነው?»

የሽሽት ቀን

ይህን ሁሉ የምቾት ነገር አድርጎ የሚያየው አንባቢ ካለ የቅርቡን ጊዜ ያስታውስ። በ2020 መጨረሻ የትግራይ ጦርነት ሲጀመር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተከዜን እየተሻገረ በሐምዳየት በኩል ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ፤ ብዙው ወደ ኡም ራኩባ ተወሰደ። በ2021 ከጎንደር አካባቢ የሸሹ የቅማንት ቤተሰቦች በዚሁ ድንበር ወደ ገዳሪፍ ግዛት ተሻገሩ። በ2023 ሚያዝያ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠና ሱዳናዊውም ኢትዮጵያዊውም በገዳሪፍና በገላባት አድርጎ ወደ መተማ ጎረፈ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ድንበር በሁለት አቅጣጫ የሸሸ ሕዝብ አየ። በየትኛውም ጉዞ ከኋላ የምትቀረው ያችው ናት፤ አንድ ጀርባና ሁለት ሕፃን ያላት። በሰላም ቀን «ማንን ልያዝ?» ማለት ድካም ነው። በሽሽት ቀን ግን የሞትና የሕይወት ጥያቄ ይሆናል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ከእናቱ ጀርባ በቀር የማንንም ጀርባ የማያውቅ ልጅ በጭንቅ ሰዓት ለሌላ ሰው ሲሰጥ ይጮኻል፣ ይወራጫል፣ ያመልጣል። አባቱ በየቀኑ ያዘለው፣ ጎረቤቱ አልፎ አልፎ የያዘችው ልጅ ግን ሄዶ ይለጠፋል። ስለዚህ አባት ዛሬ ልጁን አዝሎ ገበያ ሲወጣ ሚስቱን ማገዙ ብቻ አይደለም፤ ልጁን ለክፉ ቀን እያለማመደው ነው። በድንበር ላይ የሚኖር ሰው ይህን ከማንም በላይ ሊያውቅ ይገባዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ከአባት እንጀምር። የኩንታል ሰሊጥ ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ የሚያወርድ ወንድ የራሱን አሥር ኪሎ ልጅ ማዘል ለምን ያፍራል? «ይስቁብኛል» ይላል። እነማን? በጥምቀት ዕለት ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ታቦት የሚያሳይ አባት አይሳቅበትም፤ በበዓል ቀን ያላሳፈረ ነገር በክትባት ቀን የሚያሳፍረው በምን ሕግ ነው? የገጠሩ ወንድ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ተራራ ወርዶ ተራራ ሲወጣ «ሴት ተሸከመ» ተብሎ አይታማም፤ ይመረቃል እንጂ። ስትሄድ ራሷን የተሸከመ ወንድ ስትመለስ ልጇን ቢሸከም ምን ይጎድልበታል? የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ ሦስት ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ሦስት ቀን እትብቱ ሳይወድቅ ያልቃል፤ ቢሆንም ሕጉ አባት በአራስ ቤት ቦታ እንዳለው አምኗል። እኛ እዚህ አዋጅ አንጠብቅ፤ ታላቁ ልጅ የአባቱ ነው ብለን እንጀምር።

ሁለተኛ፣ እድር። እድራችን ለሞት ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው፣ ለቀብር የማይወጣውን የሚቀጣበት ደንብም አለው። ለወላድ ግን ድባብ የለውም። ሞትን በኅብረት የሚሸኝ ሕዝብ ልደትን ለአንዲት ሴት ጀርባ መተው አይገባውም። ከወርኃዊ መዋጮ ጥቂቱ ለወላድ መጓጓዣ ይመደብ። ከሁሉም በላይ ተራ ይውጣ፤ በሰፈሩ አንዲት ሴት በወለደች ጊዜ በክትባትና በቀጠሮ ቀን ታላቁን የሚይዝ ቤት በዝርዝር ይታወቅ። ዝርዝሩ የወንዶችንም ስም ይያዝ። ተራውን ለሴት ልጆች ብቻ ከጣልነው ያንኑ የድሮውን ግፍ ከእነስሙ አመጣነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ትምህርት ላይ ያለች ልጅ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አትግባ። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንም ይጠየቁ፤ የልጅ ነገር ቋንቋ አይፈልግም፣ እነሱም በዚህ አይታሙም።

ሦስተኛ፣ ጥላ። «ኡም ራኩባ» ማለት በዐረብኛ «የራኩባ እናት» እንደማለት ነው፤ ራኩባ በዚህ አገር ከእንጨትና ከሣር የሚሠራው ዳስ ነው። አራት ቋሚ፣ ጥቂት ማገርና ጥቂት ሣር ይበቃዋል። መኪና በሚቆምበት ቦታ ሁሉ፣ በጤና ጣቢያውም በር ላይ አንዳንድ ራኩባና አንዳንድ የውኃ ዚር ማቆም የሚያቅተው ማኅበር የለም። ድባቡ በወርቅ ዘቦ ይሁን አላልንም፤ ሣር ይበቃል።

አራተኛ፣ በየቢሮውና በየጤና ጣቢያው የሚሠሩ ወገኖቻችንና የሱዳን ወንድሞቻችን። የታናሹና የታላቁ ክትባት በአንድ ቀን ይሁን፤ ለአንዱ ማክሰኞ ለሌላው ኀሙስ መቅጠር አንዱን አታምጪው ማለት ነው። ወላድ በሰልፍ አትቁም። ለወረቀት ጉዳይ የሚበቃው አባት ከሆነ ወላዷ ከነልጆቿ ካልመጣች አይባል። መንገዱ በኸሪፍ እንደሚዘጋ በየዓመቱ እያወቅን በየዓመቱ አንደናገጥ፤ በዝናቡ ወራት የሚወልዱ እናቶች አስቀድመው ታውቀው ከዝናቡ በፊት አስፋልት አጠገብ ማረፊያ ይዘጋጅላቸው፤ የክትባት ቡድንም በትራክተርም ቢሆን ወደ መንደሩ ይውጣ። ለማሽላ የሚሄድ ትራክተር ለሕፃን መሄድ አያቅተውም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ሁለት ሕፃን ለአንዲት ሴት ሸክም ነው፤ ለአንድ ሰፈር ግን ጌጥ ነው። ምርቃት ለመራቂው ምንም አያስወጣውም፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ምርቃት ላይ የምንበረታው። ከእንግዲህ አራስ ስንጠይቅ ክርስቲያኑ «ማርያም ታሳድግልሽ»፣ ሙስሊሙም «አላህ ያሳድግልሽ» ካለ በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «ለክትባቱ ስትሄጂ ታላቁን ማን ይይዝልሻል?» የምትለው ካጣች ቀኑን ጠይቀን በዚያ ጠዋት ከደጇ እንገኝ።